የቡና ቤት ጉባኤ
ከማያውቁት ሰው ጋር ዕውቀትንና አስተያየትን ስለ መካፈል
(በሬዲዮ ከተሰማ ንግግር)



«መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ» የሚለውን የአበው ተረት ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማው ኖረናል። ተረቱ ግን ማንን መጠየቅ እንደሚገባ ለይቶ አይነግረንም። በልማድ እንደምናየው፣ ሰው የሚጠይቀው አስቀድሞ የሚያውቀውን ሰው ነው። ልጅ እናቱን፣ ተማሪ የኔታውን፣ ሙሽራ ሚዜውን፣ አዲስ የተቀጠረ ጸሐፊም ከጎኑ የተቀመጠውን ነባር ጸሐፊ ይጠይቃል። እንዲህ ያለው ጥያቄ ብዙ ድፍረት አይፈልግም። የመላሹ ጠባይና የቃሉ ክብደት አስቀድሞ የታወቀ ስለ ሆነ፣ የሰጠውን መልስ መዝኖ ለመቀበል አያስቸግርም።

ነገር ግን ስሙን ያልሰማነውን፣ ዘሩንና አገሩን ያልጠየቅነውን፣ ምናልባትም ነገ የማናገኘውን ሰው የማናውቀውን ብንጠይቀውና የምናውቀውን ብንነግረው ምን እናተርፋለን? ምንስ እንጐዳለን? ለዚህ ጥያቄ ከባዶ ሐሳብ ይልቅ ታሪክ የተሻለ መልስ ይሰጣል። ስለዚህ በዛሬው ንግግራችን በምሥራቅና በምዕራብ አገሮች የቡና ቤቶችን ታሪክ እንመለከታለን። ቡና ቤት ስንል ዛሬ በከተሞቻችን በዚህ ስም የሚጠራውንና መጠጥ የሚሸጥበትን ቤት ማለታችን አይደለም። ቡና እየጠጡ፣ የተጻፈ እያነበቡ፣ የሰሙትን እያሰሙ የሚቀመጡበትን የጥንቱን ቤት ማለታችን ነው። በንግግራችን የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ሌላ ምልክት ካልተደረገባቸው በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስተውል።

ታሪኩ የሚጀምረው ከገዛ ምድራችን ነው። የቡና ተክል በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደኖች ሳይተክሉት የሚበቅል መሆኑ የታወቀ ነው። ከዚህም ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የመን ገባ። በ15ኛው መቶ ዓመት የየመን ሱፊዎች፣ ሌሊቱን በጸሎት ሲያድሩ እንቅልፍ እንዳያሸንፋቸው ቡናን አፍልተው ይጠጡ ነበር። ከየመንም ወደ መካና ወደ ካይሮ ተሻገረ። በዚያም ከጸሎት ቤት ወጥቶ ወደ ገበያ ሲገባ፣ የመጠጡ ጠባይ ሳይለወጥ የጠጪዎቹ ጉባኤ ተለወጠ። በጸሎት ቤት አብረው የሚጠጡት እርስ በርሳቸው የሚተዋወቁ ወንድሞች ነበሩ። በገበያው ግን ገንዘብ የከፈለ ሁሉ ገብቶ ይቀመጥ ጀመር።

ይህም ወዲያው ሹማምንትን አሳሰበ። በ1511 ዓ.ም. የመካ ሹም የነበረው ኻይር ቤግ የሕግ ዐዋቂዎችንና ሐኪሞችን ሰብስቦ ቡና እንዲከለከል አስፈረደ፤ በከተማውም የተገኘው ቡና ተቃጠለ። ዳሩ ግን በካይሮ የነበሩት ሱልጣን ራሳቸው ክልከላውን ስላላሉት ትእዛዙ ብዙ አልቈየም። ከጥቂት አሥርት ዓመታት በኋላ፣ በ1550ዎቹ፣ አንዱ ከሐለብ አንዱ ከደማስቆ የመጡ ሁለት ሶርያውያን በኢስታንቡል ቡና ቤት ከፈቱ። የኦቶማን ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚሉት፣ በእነዚህ ቤቶች ውስጥ አንዱ መጽሐፍ ሲያነብ፣ ሌላው ሰንጠረዥ ሲጫወት፣ ሦስተኛው አዲስ የገጠመውን ቅኔ ለጓደኞቹ ሲያሰማ ይታይ ነበር። ሹመት የሚጠብቀውም፣ ከሹመት የተሻረውም፣ መምህሩም፣ ሥራ ፈቱም በአንድ ምንጣፍ ላይ ይቀመጡ ነበር። በ1633 ዓ.ም. ግን ሱልጣን 4ኛው ሙራድ፣ በኢስታንቡል ታላቅ ቃጠሎ ከደረሰ በኋላ፣ ቡና ቤቶቹ እንዲዘጉ አዘዙ። እርሳቸውን ያስፈራቸው የቡናው ትኩሳት አልነበረም፤ ቡናውን ይዘው የተቀመጡት ሰዎች ስለ መንግሥት የሚነጋገሩት ነገር ነበር። ከእርሳቸው በኋላ ቤቶቹ እንደ ገና ተከፈቱ።

ከዚህ በኋላ ታሪኩ ወደ እንግሊዝ አገር ይሻገራል። የተሻገረውም በነጋዴዎች ነው። ዳንኤል ኤድዋርድስ የተባለ እንግሊዛዊ ነጋዴ ከእዝሚር ወደ አገሩ ሲመለስ፣ ቡና አፍልቶ የሚያቀርብለትን ፓስኳ ሮዜ የተባለ አገልጋይ ይዞ መጣ። ይህም ሰው በ1652 ዓ.ም. ኮርንሂል በሚባለው የሎንዶን ሰፈር፣ በቅዱስ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ባለች ጠባብ መንገድ፣ የከተማይቱን የመጀመሪያ ቡና ቤት ከፈተ። በኦክስፎርድ ግን ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ቡና ይሸጥ ነበር። ከሮዜ ጀምሮ አሥራ አንድ ዓመት ሳይሞላ፣ በ1663 ዓ.ም.፣ በሎንዶን ከተማ ክልል ውስጥ ብቻ 82 ቡና ቤቶች ተቈጥረዋል።

ዘመኑን ልብ በሉ። በ1642 ዓ.ም. የተነሣው የእርስ በርስ ጦርነት አገሪቱን ለሁለት ከፍሎ ነበር፤ በ1649 ዓ.ም. ንጉሥ 1ኛው ቻርልስ በአደባባይ አንገታቸው ተቈርጧል፤ በ1660 ዓ.ም. ደግሞ ልጃቸው 2ኛው ቻርልስ ዘውዱን መልሰው ጭነዋል። እንዲህ ባለ ዘመን ሰው ብዙ የሚጠይቀውና ብዙ የሚናገረው ነገር አለው። መሸታ ቤቱ ግን ያሰክራል፤ ቤተ መንግሥቱ የባለሟሎች፣ ዩኒቨርሲቲው የተማሪዎች ነው። ቡና ቤቱ በእነዚህ መካከል የነበረውን ክፍት ቦታ ሞላ። አንድ ሰው አንድ ፔኒ ከፍሎ ከገባ፣ ቡናውን ይዞ የፈለገውን ያህል ሊቀመጥ፣ በገበታው ላይ የተዘረጉትን ጋዜጦች ሊያነብ፣ የሚነገረውንም ሊሰማ ይችል ነበር። ስለዚህ ሕዝቡ እነዚህን ቤቶች «የአንድ ፔኒ ዩኒቨርሲቲ» እያለ ይጠራቸው ጀመር።

የአቀማመጡ ሥርዓት ከሁሉ ይልቅ ሊጠና የሚገባው ነው። በቤቱ መካከል ረዥም ገበታ ይዘረጋል፤ የገባ ሰው ክፍት ሆኖ ባገኘው ስፍራ ይቀመጣል። ማንም ሰው ከርሱ ለሚበልጥ ባለማዕርግ ተነሥቶ ቦታ እንዲለቅ አይገደድም። አዲስ የገባው ሰው ገና ሳይቀመጥ «ምን ወሬ አለ?» ተብሎ ይጠየቃል። በ1674 ዓ.ም. በግጥም ታትሞ የወጣ አንድ የቡና ቤት ደንብ፣ ምንም እንኳ ቀልድ የተቀላቀለበት ቢሆን፣ የዘመኑን አስተሳሰብ ያሳየናል። በዚህ ደንብ መሠረት የተሳደበ ወይም የማለ 12 ፔንስ ይቀጣል፤ ጠብ ያነሣም ለእያንዳንዱ ተቀማጭ አንዳንድ ስኒ ቡና ይገዛል። እንግዲህ እነዚያ ሰዎች ከማያውቁት ሰው ጋር ለመነጋገር አፍን መክፈት ብቻ እንደማይበቃና ሥርዓትም እንደሚያስፈልግ ከመጀመሪያው ተረድተውት ነበር ማለት ነው።

ከዚህ የተገኘውን ጥቅም በአንድ ምሳሌ እንመልከተው። በ1680ዎቹ ኤድዋርድ ሎይድ የተባለ ሰው በሎንዶን ወንዝ አቅራቢያ፣ ታወር በሚባለው ጎዳና፣ ቡና ቤት ነበረው። በ1691 ዓ.ም. ሎምባርድ ወደሚባለው ጎዳና ተዛወረ። ወደዚህ ቤት ይመጡ የነበሩት የመርከብ አዛዦች፣ የመርከብ ባለቤቶችና ነጋዴዎች ነበሩ። አንዱ አዛዥ ከሕንድ ውቅያኖስ መጥቶ ያገኘውን ማዕበል ይናገራል፤ ሌላው ከሜዲቴራኒያን መጥቶ የባሕር ሽፍቶችን ያየበትን ስፍራ ይጠቁማል፤ ሦስተኛው የዘገየችውን መርከብ በአንድ ወደብ ቆማ እንዳያት ይመሰክራል። እያንዳንዱ ነገር ለብቻው ሲታይ ተራ የመንገደኛ ወሬ ነው። በአንድ ገበታ ላይ ሲሰበሰብ ግን የባሕሩን ሁሉ ሁኔታ የሚያሳይ መዝገብ ሆነ። ገንዘብ ያለው ሰው ይህን ሰምቶ፣ የመርከቡንና የጭነቱን ዝርዝር በያዘው ወረቀት ግርጌ ስሙንና ሊከፍል የሚችለውን ገንዘብ ይጽፋል፤ መርከቡ ቢሰጥም ይከፍላል፣ በደኅና ቢደርስ አስቀድሞ የተቀበለውን ዋጋ ያተርፋል። የኢንሹራንስ ሥራ በዚያ ገበታ ላይ እንዲህ ተስፋፋ። በ1734 ዓ.ም. የመርከቦችን ወሬ የሚያወጣው የሎይድ ጋዜጣ ታተመ፤ በ1771 ዓ.ም. ደግሞ 79 ሰዎች እያንዳንዳቸው 100 ፓውንድ አዋጥተው የራሳቸውን ስፍራ ለማቋቋም ተስማሙ። ሎይድ የሚለው ስም ቡና ሻጩ ከሞተ ከ300 ዓመት በኋላም የዓለም የኢንሹራንስ ገበያ ስም ሆኖ ኖሯል።

ሌሎቹም ቡና ቤቶች እንደዚሁ እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ጉባኤ አበጁ። በጆናታን ቡና ቤት የአክሲዮን ሻጮችና ገዢዎች ይሰበሰቡ ነበር፤ የሎንዶን የአክሲዮን ገበያ ታሪክም ከዚያ ይቈጠራል። የተፈጥሮ ምርምር ሊቃውንት ደግሞ ግሪሺያን ወደሚባለው ይሄዱ ነበር። ሮበርት ሁክ የተባለው ታላቅ ሊቅ በየዕለቱ የሚጽፈው ማስታወሻ እንደሚያሳየው፣ በ1670ዎቹ ውስጥ በሎንዶን ከ60 በሚበልጡ ቡና ቤቶች ገብቶ ተቀምጧል። ይህ ሊቅ የንጉሣዊው የሳይንስ ማኅበር የሙከራ ኀላፊ ሆኖ ሳለ፣ ከሰዓት ሠሪና ከመሣሪያ አንጥረኛ ጋር በቡና ገበታ መነጋገርን አልናቀም። ሊቁ የሐሳቡን፣ አንጥረኛው የእጁን ዕውቀት ይዞ ይመጣ ነበርና አንዱ ለሌላው የሚሰጠው አላጣም።

ነገሩን ሁሉ በመልካም ጎኑ ብቻ ብንተርክ ግን ታሪክን መበደል ይሆናል። በዚያ በሎይድ ገበታ ላይ ኢንሹራንስ ከተገባላቸው መርከቦች መካከል ከአፍሪካ የተጋዙ ሰዎችን እንደ ዕቃ ጭነው ወደ አሜሪካ የሚሄዱ መርከቦች ነበሩ። በዘመኑ ጋዜጦች የወጡ ማስታወቂያዎችም ከጌታው የኰበለለ ባሪያ ያገኘ ሰው ወደ እገሌ ቡና ቤት እንዲያመጣው ይጠይቁ ነበር። የሎይድ ድርጅት ስለዚህ ታሪኩ በይፋ ይቅርታ የጠየቀው በ2020 ዓ.ም. ነው። ሴቶችም አንዳንድ ቡና ቤቶችን በባለቤትነት ቢያስተዳድሩም በገበታው ተቀምጦ መከራከር ለእነርሱ የተለመደ አልነበረም። እንግዲህ «ለሁሉ የተከፈተ ቤት» የተባለው ቤት ለሁሉ አልተከፈተም ነበር። ስለ ባሪያው ብዙ ይነገር ነበር፤ የባሪያው ቃል ግን ከገበታው አልደረሰም። አንድ ጉባኤ በውስጡ የሌለውን ሰው ነገር ሲወስን እንዴት ሊሳሳት እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

አሁን ወደ ነገሩ ልብ እንደርሳለን። በታኅሣሥ 29 ቀን 1675 ዓ.ም. ንጉሥ 2ኛው ቻርልስ በመላው ግዛታቸው ያሉት ቡና ቤቶች ከጥር 10 ቀን 1676 ዓ.ም. ጀምረው እንዲዘጉ ዐዋጅ አወጡ፤ ቀኖቹም በእንግሊዞች አቈጣጠር ናቸው። ምክንያታቸውም ሥራ ፈቶች በዚያ እየተሰበሰቡ፣ መንግሥትን የሚያስነቅፍ ሐሰተኛ ወሬ ይነዛሉ የሚል ነበር። አባታቸው በአደባባይ የተገደሉባቸው ንጉሥ የሕዝብን ሹክሹክታ ቢፈሩ አይደንቅም። ዳሩ ግን ተቃውሞው ከጠላቶቻቸው ብቻ ሳይሆን ከነጋዴውም፣ ከቀረጥ ሰብሳቢውም፣ ከገዛ ወገኖቻቸውም መጣ። ንጉሡም ዐዋጁ ሊጸና ሁለት ቀን ሲቀረው፣ በጥር 8 ቀን፣ የቡና ቤት ባለቤቶች ዋስ እየጠሩ ሥራቸውን እንዲቀጥሉ ፈቀዱ። በሀያ ሦስት ዓመት ውስጥ የሕዝብ ልማድ የሆነውን ነገር የንጉሥ ማኅተም በዐሥር ቀን ሊያፈርሰው አልቻለም።

ብዙዎች የታሪክ ጸሐፊዎች በዚህ ስፍራ ደስ ብሏቸው ብዕራቸውን ያኖራሉ። እኛ ግን ሦስት ዓመት አልፈን እንሂድ። በ1678 ዓ.ም. ታይተስ ኦትስ የተባለ ሰው «ካቶሊኮች ንጉሡን ሊገድሉ ዱለታ አድርገዋል» ብሎ መሰከረ። ቃሉ ከመሠረቱ ፈጠራ ነበር። ነገር ግን በምክር ቤትም፣ በማተሚያ ቤትም፣ በቡና ቤትም ከአፍ ወደ አፍ ሲዛመት እንደ እውነት ተቈጠረ። የሰማው ሁሉ ለማያውቀው ሰው አሰማ፤ ያ ያልታወቀ ሰውም «ሰው ሁሉ ይለዋል» ብሎ ለሌላው አስተላለፈ። በዚህ ሐሰት ምክንያት ከዐሥር የሚበልጡ ንጹሓን ሰዎች በሞት ተቀጡ። ኦትስ በሐሰት መስካሪነቱ የተፈረደበት በ1685 ዓ.ም. ነበር፤ ለሟቾቹ ግን ምንም አልጠቀማቸውም። አባቶቻችን «ከአፍ የወጣ አፋፍ» ያሉት እንዲህ ያለውን ነገር ነው።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ነገሩን መዝነው። የመርከቡን አዛዥ ቃል ያከበረውና የኦትስን ቃል ያመነው አንድ ከተማ፣ ምናልባትም አንድ ገበታ ነው። በሁለቱም ጊዜ የማይተዋወቁ ሰዎች የሰሙትን ተካፈሉ። ታዲያ ከአንዱ ጥቅም፣ ከሌላው ሞት ለምን ተገኘ? ልዩነቱ እንደሚመስለን ይህ ነው። በሎይድ ገበታ ሐሰት የተናገረ ወይም ሐሰትን ሳይመረምር ያመነ ሰው፣ መርከቡ ሲደርስ ወይም ሲሰጥም ነገሩ ይገለጥበታል፤ ከግርጌ የፈረመበትን ገንዘብም ከኪሱ ይከፍላል። በኦትስ ነገር ግን ወሬውን ያዛመተ ሰው ምንም አልከፈለም፤ የከፈለው ሌላ ነበር። ዋጋ የማያስከፍል ቃል ርካሽ ይሆናል፤ ርካሽ ቃል ደግሞ ፈጥኖ ይሰራጫል። «ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምር» የሚለው ምክር የሚያስፈልገን እዚህ ላይ ነው።

ከዚህ ዘመን ቀጥሎ፣ ከማይታወቅ ሰው ጋር መነጋገር ከገበታው ወደ ወረቀት ተሻገረ። በ1680 ዓ.ም. ዊልያም ዶክዋራ የተባለ ሰው በሎንዶን ውስጥ በአንድ ፔኒ ደብዳቤ የሚያደርስ ፖስታ አቋቋመ። በ1691 ዓ.ም. ደግሞ ጆን ደንተን የተባለ መጽሐፍ አሳታሚ፣ አንባቢዎች ስማቸውን ሳይገልጹ የፈለጉትን ጥያቄ እንዲልኩና መልሱ በጋዜጣ እንዲታተም አደረገ። የጋዜጣውም ስም «አቴኒያን መርኩሪ» ይባል ነበር፤ ጥያቄዎቹም የሚላኩት ወደ አንድ ቡና ቤት ነበር። ጠያቂዎቹ ስለ መጽሐፍ ቅዱስ ትርጓሜ፣ ስለ ጋብቻ፣ ስለ ንግድ፣ ስለ ከዋክብትና ስለ እንስሳት ይጠይቁ ነበር። አንድ ወጣት ለአባቱም ለንስሓ አባቱም ሊነግር ያፈረውን ነገር ለማያውቀው መላሽ ገልጦ ጻፈ። ጋዜጣው የሴቶችን ጥያቄ በግልጥ ስለ ተቀበለም፣ በገበታው ያልተቀመጡት ሴቶች በወረቀቱ ላይ ስፍራ አገኙ። እስከ 1697 ዓ.ም. ድረስ በሺህ የሚቈጠሩ ጥያቄዎች ተመልሰውበታል።

ይሁን እንጂ በዚህም ውስጥ አንድ እንከን አለ። ደንተን መልስ የሚሰጡት የብዙ ሊቃውንት ማኅበር አባላት እንደ ሆኑ አድርጎ ለአንባቢው አስመሰለ። በእውነቱ ግን ሥራውን የሚሠሩት እርሱ ራሱ፣ ሪቻርድ ሳውልት የተባለው የሒሳብ መምህርና ሳሙኤል ዌስሊ የተባለው ቄስ ነበሩ። ወጣቱ ጆናታን ስዊፍት፣ በኋላ ታላቅ ደራሲ የሆነው፣ የዚህን «ማኅበር» ሊቅነት አምኖ በ1692 ዓ.ም. የምስጋና ግጥም ጻፈለት። ጠያቂው ስሙን ቢሸሽግ ማፈሩ ነውና አይፈረድበትም። መላሹ ግን ያልሆነውን ሆኖ ሲቀርብ፣ መልሱ ትክክል ቢሆን እንኳ አደራውን አጉድሏል።

ከዚህ በኋላ የመጡት ጋዜጦች ከዚህ ስሕተት ተምረዋል ለማለት ይቻላል። በ1711 ዓ.ም. አዲሰንና ስቲል የጀመሩት «ስፔክቴተር» የተባለው ጋዜጣ ጸሐፊውን በፈጠራ ስም ቢሸሽገውም፣ ፈጠራ መሆኑን አንባቢ ሁሉ ያውቅ ነበር። አዲሰን እንደ ገመተው፣ በቀን 3,000 ቅጂ ይሰራጭ የነበረውን ጋዜጣ፣ በየቡና ቤቱ እየተቀባበሉ ስለሚያነቡት፣ ለእያንዳንዱ ቅጂ 20 አንባቢ ነበረው። በ1713 ዓ.ም. ደግሞ በባተን ቡና ቤት የአንበሳ ራስ ተቀርጾ ተተከለ፤ አስተያየት ያለው ሁሉ ደብዳቤውን በአንበሳው አፍ ይከተው ነበር። ሰውን የሚያስፈራው የአንበሳ አፍ የሕዝብ ሐሳብ መቀበያ ሆነ።

የቡና ቤቶቹ ፍጻሜ ግን ከዐዋጅ አልመጣም። 18ኛው መቶ ዓመት እየገፋ ሲሄድ ባለጸጎቹ ከማያውቁት ሰው ጋር በአንድ ገበታ መቀመጥን ሰለቹ፤ አንዳንዱን ቤት ለብቻቸው ተከራይተው፣ የአባልነት ገንዘብ ወስነው፣ በሩን ዘግተው ክለብ አደረጉት። ንጉሥ በማኅተም ያልዘጋውን በር ተቀማጮቹ ራሳቸው ዘጉት። በውስጥ የቀሩት አንድ ዐይነት ልብስ የለበሱና አንድ ዐይነት ሐሳብ ያላቸው ሰዎች ስለ ሆኑ፣ የሚነጋገሩት አስቀድመው የሚያውቁትን ብቻ ሆነ።

ወደ አገራችን ስንመለስ ነገሩ ለየት ያለ መልክ አለው። ቡናን ለዓለም የሰጠች ኢትዮጵያ፣ ክርስቲያን በሆነው ደገኛው ሕዝቧ ዘንድ ቡና መጠጣት ለረዥም ዘመን እንደ ነውር ይቈጠር ነበር። ይህ አስተያየት የላላው በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ፣ ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው ቡና በመጠጣታቸውና አቡነ ማቴዎስም ካህናቱን በማግባባታቸው ነው። ከዚያ ወዲህ ቡናችን አቦል፣ ቶና፣ በረካ እየተባለ ጎረቤትን የሚያሰባስብ ሆነ። የእኛ ቡና የሚያሰባስበው ግን የሚተዋወቁትን ነው። የሎንዶኑ ቡና ያሰባሰበው የማይተዋወቁትን ነበር።

ስለዚህ ግን ከማይታወቅ ሰው ጋር መመካከር ለእኛ ባዕድ ነው ማለት አይደለም። በቀድሞ ዘመን ሁለት ሰዎች በመንገድ ላይ ቢጣሉ፣ አንዱ «በሕግ አምላክ» ብሎ ሌላውን ያቆመውና ከመንገደኛው አንዱን በዛፍ ጥላ ሥር አስቀምጠው ነገራቸውን ያሰሙት እንደ ነበር የታወቀ ነው። ያ መንገደኛ ለሁለቱም ዘመድ አልነበረም፤ የተመረጠውም ስለዚሁ ነው። ዘመድ ለዘመዱ ያደላል፤ ጎረቤት ነገ የሚመጣውን ቂም ይፈራል፤ መንገደኛው ግን የሰማውን መዝኖ፣ የመሰለውን ተናግሮ መንገዱን ይቀጥላል። ከዚህም በኋላ፣ በአገራችን አቆጣጠር በ1917 ዓ.ም.፣ «ብርሃንና ሰላም» የተባለው ሳምንታዊ ጋዜጣ ሲመሠረት፣ የተማሩ ወጣቶች ስለ ትምህርት፣ ስለ ንግድና ስለ አገር ልማድ ያላቸውን አስተያየት ለማያውቁት አንባቢ ያቀርቡበት ነበር። በዛፉ ጥላ ሥር ይደረግ የነበረው ክርክር እንዲህ ወደ ወረቀት ተሻገረ።

በመንግሥት መሥሪያ ቤት የምንሠራ ሰዎች ከዚህ ታሪክ የምናገኘው ትምህርት ቅርባችን ነው። በየመዝገብ ቤቱ ሠላሳ ዓመት የሠራ ጸሐፊ አለ። የትኛው ፋይል በየትኛው መደርደሪያ እንዳለ፣ የትኛው ደንብ በየትኛው እንደ ተሻሻለ፣ ባለጉዳይ ምን ይዞ ቢመጣ በአንድ ቀን እንደሚጨርስ በልቡ ያውቃል። ይህን ዕውቀት ዕውቀት ብሎ አይጠራውም፤ ስለዚህም ለማንም አይነግረውም። ጡረታ ሲወጣ አብሮት ይወጣል፤ በማግሥቱም ባለጉዳዩ በደጅ ጥናት ይንከራተታል። ያ የመርከብ አዛዥ ያየውን ማዕበል ተራ ወሬ ነው ብሎ ዝም ቢል ኖሮ፣ ከርሱ በኋላ የሚጓዘው መርከብ በዚያው ማዕበል ይጠፋ ነበር። ትንሽ የሚመስል ዕውቀት፣ ለማያውቀው ሰው የመንገድ መብራት ነው።

ለመናገር ግን ሥርዓት ያስፈልጋል። አንደኛ፣ የምንናገረውን ያየነው እንደ ሆነ «አየሁ»፣ የሰማነው እንደ ሆነ «ሰማሁ»፣ የገመትነው እንደ ሆነም «ይመስለኛል» እንበል፤ ሦስቱን ቃላት ማደባለቅ የኦትስን በር ይከፍታል። ሁለተኛ፣ የማናውቀው ሰው ያሰማንን ነገር ለሌላ ከማሰማታችን በፊት፣ ሐሰት ሆኖ ቢገኝ ዋጋውን የሚከፍለው ማን እንደ ሆነ ራሳችንን እንጠይቅ፤ ከፋዩ እኛ ካልሆንን ጥንቃቄአችን እጥፍ መሆን አለበት። ሦስተኛ፣ ያልሆንነውን ሆነን አንቅረብ፤ ሐኪም ያልሆነ ሰው የዘመዱን በሽታና የዳነበትን መድኃኒት ቢናገር ምስክር ነው፣ እንደ ሐኪም ሆኖ ቢያዝ ግን አታላይ ነው።

ዛሬ ቃል ባሕር ለመሻገር መርከብ አይጠብቅም፤ ሰው በእጁ በያዘው ስልክ የተናገረውን በማያውቀው አገር የሚኖር ሰው በዚያው ቅጽበት ይሰማዋል። ገበታው ዓለምን አክሏል። የገበታው ሥርዓት ግን አብሮ አልሰፋም፤ ያንን ማስፋት የተናጋሪውና የሰሚው ፈንታ ነው። ከሁሉም በላይ የክለቦቹን ፍጻሜ አንርሳ። ሐሰትን ፈርቶ በሩን የዘጋ ሰው፣ ከሐሰቱ ጋር የመርከብ አዛዡንም ከውጭ አስቀርቶታል።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ በአውቶቡስም ሆነ በመሥሪያ ቤት ደጅ ወይም በለቅሶ ድንኳን፣ ከማታውቀው ሰው አጠገብ ስትቀመጥ አንድ ነገር ጠይቀው፤ አንድ ነገርም ንገረው። የምትጠይቀው በትሕትና፣ የምትነግረው በእውነት ይሁን። የማታውቀው ሰው አንተን የሚያውቅህ በቃልህ ብቻ ነውና ቃልህን ጠብቅ። ለዛሬው ይህ ይበቃል።